ቤንዚኑን ማን ጠጣው?

ደብዳቤውን ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት። ማህተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ግልባጭ አለው። «ጉዳዩ፦ ማብራሪያ እንዲሰጡ ስለመጠየቅ» ይላል። በስሜ የተመዘገበው ሞተር ሳይክል በአንድ ሊትር 35 ኪሎ ሜትር መሄድ ሲገባው፣ ባለፉት ሦስት ወራት በአማካይ 24 ብቻ ስለሄደ፣ ምክንያቱን በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንዳቀርብ።

በቢሮ አማርኛ «የት ወሰድከው?» ማለት ነው።

ጊዜው 2015 ዓ.ም. ነው፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል። ቤንዚን በሊትር ወደ 70 ብር ተጠግቷል። እሱም ሲገኝ ነው። ማደያው ሲደርቅ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው በእጥፍ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ጊዜ «ሞተሬ ብዙ ይጠጣል» ማለት፣ ዶሮዎቹን ጭልፊት በላብኝ እንደማለት ነው። ሰው አንገቱን ይነቀንቅልሃል፤ አያምንህም።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። መቀመጫዬ ሀዋሳ ነው። ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ከኋላዬ አስሬ ወደ ገጠር ቀበሌዎች እመላለሳለሁ። አንዳንድ ቀን ወደ ሎካ አባያ ቆላ እወርዳለሁ፣ አንዳንድ ቀን ወደ ሀገረ ሰላም ደጋ እወጣለሁ። በወር 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሞተሯ 125 ሲሲ፣ ካርቦራተር ያላት፣ በአየር የምትቀዘቅዝ፣ ለፒስታ የተሠራች ናት። ሂሳቡን ራሴ ሠራሁት። በ35 ቢሆን በወር 26 ሊትር አይሞላም። በ24 ሲሆን 37 ሊትር ተኩል ነው። በየወሩ 12 ሊትር ገደማ፣ ከ800 ብር በላይ፣ የት እንደገባ የማይታወቅ።

ደብዳቤውን ይዤ ወደ ፋይናንስ ኃላፊዋ ሄድኩ። በዕድሜ እናቴን ይሆናሉ።

«እትዬ፣ እኔ ቤንዚን ሸጬ አላውቅም» አልኳቸው።

«ሸጥክ ያለህ ማን ነው? የሚጠይቅህ ወረቀቱ ነው» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ ሳያነሱ።

ሻይ ቤት ደግሞ ጓደኞቼ አልማሩኝም። «ዛሬ ሂሳቡ በሱ ነው፣ ቤንዚኑ ይከፍላል» ተባለ። ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በማግስቱ መለካት ጀመርኩ። አለካኩ እንዲህ ነው። የጎረቤት ልጅ ሞተሩን ለጥ ያለ ሲሚንቶ ላይ ቀጥ አድርጎ ያዘልኝ። የቤንዚኑን ሰልባትዮ እስከ አንገቱ ሞላሁ። ከሀዋሳ ይርጋለም ደርሼ ተመለስኩ፣ 90 ኪሎ ሜትር። እዚያው ሲሚንቶ ላይ አቁሜ እንደገና እስከ አንገቱ ሞላሁ። ሊትሩን በጠርሙስ፣ ጥራጊውን ደግሞ በከብት ስሪንጅ። 60 ሚሊ ሊትር የምትይዘው ትልቋ ስሪንጅ። ሦስት ሊትር በጠርሙስ ገባ፣ ከዚያ አምስት ስሪንጅ ተኩል። 3 ሊትር ከ330። በሊትር 27 ኪሎ ሜትር።

(ስሪንጇ ለዚህ ሥራ አትሆንም። በሦስተኛው ቀን የውስጧ ጎማ ቤንዚን ጠጥቶ አበጠና አልገፋ አለች። ቤንዚን አንዳንዱን የጎማ ዓይነት እንደሚያሳብጥ በዚሁ ተማርኩ።)

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቆጣሪውን ነበር። ኪሎ ሜትሩን አሳንሶ እየቆጠረ ቢሆንስ? ስልኬን ከፍቼ አስተያየሁት። ስልኩ 50 ሲል ቆጣሪው 51 ይላል። ቆጣሪው ለካ ለእኔ ነው የሚያዳላው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ያን ቀን የነዳሁት እንደ ልማዴ ነው፤ መንገዱ በፈቀደበት ሁሉ 80። በማግስቱ ያንኑ መንገድ ከ60 ሳላልፍ ሄድኩ። ሲኖትራክ ቀደመኝ፣ ሚኒባስ ቀደመኝ፣ አንድ ባጃጅም ለመቅደም ሞከረ። ስመለስ የገባው 2 ሊትር ከ880 ነው። በሊትር 31።

አራት ኪሎ ሜትር ልዩነት የመጣው ከነፋስ ነው። ነፋስ የሚገፋህ ኃይል በፍጥነትህ ልክ አያድግም፤ በፍጥነትህ ካሬ ነው የሚያድገው። ከ60 ወደ 80 ስትወጣ ፍጥነትህ በሲሶ ይጨምራል፣ ነፋሱ ግን ወደ 1.8 እጥፍ ይደርሳል። ለዚያውም እኔ ከኋላዬ እንደ ቁም ሳጥን የቆመ የበረዶ ሣጥን አለኝ፣ የዝናብ ካፖርቴ ደግሞ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል። በሰዓቴ ያተረፍኩት ደርሶ መልስ 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። ዋጋው 450 ሚሊ ሊትር፣ ወደ 31 ብር። ለ20 ደቂቃ 31 ብር እየከፈልኩ ነበር፤ ያውም ከመንግሥት ኪስ። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ሌባ የቀኝ እጄ ነበር።

ግን 31ም 35 አይደለም። ይህ ደግሞ አስፋልት ነው። ዳገቱን ስለካው 22 ወጣ።

ስለ ዳገት አንድ ነገር ልበል፤ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ 35 ብሎ የጻፈው ሰው ያላሰበው ነገር ነው። ሀዋሳ ከባህር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሀገረ ሰላም ከ2,700 በላይ ነው። ከባህር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር የሀገረ ሰላም አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቦራተር ደግሞ ይህን አያውቅም። ቤንዚን የሚወጣባት ቀዳዳ መጠኗ ያው ነው። የሚገባው አየር ሲሳሳ የሚወጣው ቤንዚን በዚያ ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ከፍ ባልክ ቁጥር ድብልቁ ይወፍራል፣ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ጉልበት ይቀንሳል፣ አንተም ማርሽ ቀንሰህ ነዳጅ ትጨምራለህ። አዳዲሶቹ ኢንጄክሽን ያላቸው ሞተሮች አየሩን በሴንሰር ለክተው ቤንዚኑን ይቀንሳሉ። የኔዋ ግን የለመደችውን ታፈሳለች።

ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትቼ አየሁት። ደህና የሚሠራ ሞተር ካንዴላ ጫፉ ያልጠቆረ የተቆላ ቡና ይመስላል። የኔው ጥላሸት ነው። ጣቴን ሳስነካው እንደ ድስት ቂጥ አጠቆረኝ። ቤንዚኑ ሳይቃጠል እያለፈ ነው ማለት ነው። ጥፋቱ የከፍታው ብቻ እንዳይሆን ብዬ የአየር ማጣሪያውን አወጣሁ። ስፖንጅ ነው። በሳሙና ውሃ ስጨምቀው የወጣው ነገር ወጥ ነው የሚመስለው፤ ቀይ፣ ወፍራም፣ በርበሬው የበዛ። የሲዳማ አፈር ለቡናና ለእንሰት የተባረከ ነው። ለሞተር ግን አይደለም። ማጣሪያው ሲታፈን አየር ያጥራል፣ ድብልቁ ይበልጥ ይወፍራል። ማጣሪያው ተቀዶ አቧራው ቢያልፍ ደግሞ ይብሳል፤ እንደ አሸዋ ወረቀት ሲሊንደሩን ይፍቀዋል፣ ዘይቱን ያቆሽሸዋል። አጠብኩት፣ አደረቅሁት፣ ዘይት ቀብቼ መለስኩት። አሥራ አምስት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው፤ ለስምንት ወር ግን አልሠራሁትም ነበር።

ቀጥሎ ጎማ። ጎሚስታው ልጅ ሃያ ዓመት አይሞላውም። እንዲነፋልኝ ብቻ ነበር የሄድኩት። እሱ ግን የኋላውን ጎማ አየና ተንበረከከ።

«ጋሼ፣ እጅህን ስጠኝ» አለኝ።

መዳፌን ይዞ በጎማው ጥርሶች ላይ ወደ ፊት አንሸራተተው። ለስላሳ ነው። ወደ ኋላ ሲመልሰው እንደ ሞረድ ያዘኝ። እያንዳንዱ ጥርስ በአንድ ወገኑ ተበልቶ፣ በሌላው ወገኑ ስለት አውጥቷል። «ይሄ አስፋልት ነው» አለ። ለፒስታ የተሠራ ጥርሳም ጎማ አስፋልት ላይ ሲሮጥ እያንዳንዱ ጥርስ ይታጠፋል፣ ይንሸራተታል፣ ተመልሶ ይነሳል። ኋላው ጎማ የሚገፋው፣ ጭነቱንም የሚሸከመው ስለሆነ ቀድሞ ያልቃል። መሀሉ ደግሞ ከጎንና ጎኑ በፊት ይላጣል፤ የኛ ሰው ቀጥ ብሎ ነው የሚነዳው። የቀድሞው ጎማዬ 11,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ይሄኛው 7,000 ላይ ሊሰናበት ነው።

ከዚያ የንፋስ መሙያዋን አሳየኝ። ከቸርኬው ቀጥ ብላ መውጣት ሲገባት ወደ አንድ ጎን አንገቷን ደፍታለች።

«ጎማው ቸርኬው ላይ እየዞረ ነው። ካላማዳሪውን ይዞት እየሄደ ነው። ንፋስ የለህም።»

ለካው፤ በፒኤስአይ፣ በንፋስ መለኪያው ቁጥር፣ 14። የሰንሰለቱ መሸፈኛ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ኋላ 25፣ ፊት 22 ይላል። ነገሩ ወዲያው ትዝ አለኝ። በበልጉ ጭቃ ጎማው እንዲይዝልኝ ብዬ ራሴ ነበርኩ ያስተነፈስኩት። ጭቃ ላይ ትክክል ነው፤ ጎማው ይሰፋል፣ መሬቱን ይጨብጣል። ከጭቃው ወጥቶ አስፋልት ላይ መርሳት ነው ጥፋቱ። ሁለት ወር ሙሉ በ14 ስሄድ ከርሜአለሁ። ንፋስ ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ያ መታጠፍ ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱ የሚመጣው ከቤንዚኔ ነው። የበላውም ጎማዬን ነው። አንድ እህል ሁለቴ የሚበላ አይጥ ማለት ነው።

የበረሃና የደጋ መንገደኛ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ነገር አለ፤ ቆላ የተሞላ ጎማ ደጋ ሲወጣ ይጠነክራል ወይ? ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ከሀዋሳ ሀገረ ሰላም ስትወጣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው ላይ 1.5 ያህል ይጨምርልሃል። ደጋው ግን ቀዝቃዛ ነው። ከ28 ዲግሪ ወደ 15 ብትወርድ በቅዝቃዜው ወደ 1.6 ይቀንስብሃል። ሁለቱ ይጣፋሉ፤ 25 ሞልተህ ትወጣለህ፣ 25 ሆኖ ታገኘዋለህ። ይህን ሳገኝ እንደ ልጅ ደስ አለኝ፤ ለማን እንደምነግረው ግን ጠፋኝ።

ጎሚስታው ሲጨርስ ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች በጣቱ ጠረገልኝ። 3616። «በ2016 እንደ ፈረንጅ፣ በ36ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መቼ ገዛኸው?» የገዛሁት በ2014 በኛ ነው። አዲስ ብዬ ስገዛ አምስት ዓመት መጋዘን የተቀመጠ ነበር። የቆየ ጎማ ይደርቃል፤ ያልቃል ሳይሆን እርጥብ አስፋልት ላይ መያዙን ይተዋል። ሻጩን ልወቅሰው አልችልም፣ ቁጥሩ እዚያው ተጽፎ ነበር። እኔ ማንበብ አልቻልኩም እንጂ።

በ25 ተነፍቶ፣ በ60 ስነዳ፣ ይርጋለም ደርሶ መልስ 32.6 ሆነ። እየቀረብኩ ነው። ዳገቱ ግን አሁንም 24 አላለፈም። አንድ ትልቅ ነገር ቀርቷል።

እሱን ያገኘሁት ቤት ውስጥ ነው፤ በአፍንጫዬ። ሞተሩን ማታ ማታ ኮሪደር ውስጥ አስገባዋለሁ። ባለቤቴ «ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል» ስትል «ሞተር ምን ይሽተት ታዲያ?» እላት ነበር። ያን ሰሞን ግን ሁሉን ነገር የምጠረጥርበት ወቅት ነው። በባትሪ ብፈልግ ከካርቦራተሩ ሥር የምትወጣው ቀጭን ቱቦ ጫፏ ረጥቧል። ረከቦቱ ላይ ካሉት ስኒዎች አንዱን አንስቼ ከሥሯ አስቀመጥኩ። ጠዋት ስኒው ግማሽ ሆኖ አደረ። ያ እንግዲህ የተነነው ሳይቆጠር ነው። በወር ከአንድ ሊትር ያላነሰ ቤንዚን፣ እኔ ተኝቼ፣ ሞተሩም ቆሞ። ስኒው ከዚያ ወዲያ ወደ ረከቦቱ አልተመለሰም፤ ባለቤቴ በሁለት ጣቷ ይዛ ወስዳ ጣለችው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ካርቦራተሩ ውስጥ ተንሳፋፊ አለች፣ እንደ ሽንት ቤት ውሃ ማጠራቀሚያው። ቤንዚኑ ሲሞላ ትነሳና በትንሽ መርፌ መግቢያውን ትዘጋለች። መርፌዋ ላይ ቆሻሻ ከተቀመጠ አትዘጋም። ቆሻሻው ከየት መጣ? ከሃይላንድ ቤንዚን ነዋ። መንገድ ዳር ከጀሪካን ወደ ጀሪካን ሲገለበጥ የኖረ ቤንዚን፣ አንዳንዴም ላምባ የተቀላቀለበት። ማታ የቤንዚኑን መዝጊያ ብዘጋው ኖሮ ይህም አይሆንም ነበር። ስንገዛት የተነገረን ይመስለኛል። ማን ይዘጋል?

የከፋው ግን ወደ ውጭ የፈሰሰው አልነበረም። የዘይት መለኪያዋን ነቅዬ፣ ጠርጌ፣ መልሼ ሳወጣት ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በላይ ነው። ዘይት ሲቀንስ አይቻለሁ። ሲጨምር አይቼ አላውቅም። አሸተትኩት። ቤንዚን። ሞልቶ የፈሰሰው ቤንዚን በቱቦው ብቻ አልወጣም። በመግቢያው በኩል ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ፣ በፒስተኑ ጎን ወርዶ፣ ዘይቱ ውስጥ እየተጠራቀመ ነበር።

ሞተሩን እየገፋሁ መናኸሪያው ጀርባ ወዳሉት መካኒክ ወሰድኩት። ሽማግሌ ናቸው፣ ጋሼ እንላቸዋለን። ከጣሊያን የሥራ ሰዎች እግር ሥር ከተማሩ መካኒኮች የተማርኩ ነኝ ይላሉ፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ ሲሉ አፋቸው ይጣፍጣል። ዘይቱን አፍስሰው ጠብታ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሀል አሹት። ጣቶቻቸውን ሲያላቅቁ ክር አልሠራም።

«ውሃ ነው» አሉ። «ይሄ ዘይት የማን ነው?»

«የመሥሪያ ቤቱ።»

«መኪናም አላችሁ?»

«አለን። አዲስ መጥቷል።»

«እንደዚያ ነዋ።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ነው። የመኪና ሞተር ዘይት የሚሠራው ሞተሩ ውስጥ ብቻ ነው። ማርሽ የሚቀይረው ካምቢዮ የራሱ ዘይት አለው፣ የሞተሩን ጉልበት የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ፍሪሲዮን ደረቅ ነው። በኛ ዓይነት ሞተር ሳይክል ግን አንድ ሊትር ዘይት ሁሉንም ይሠራል። ፒስተኑን ያለሰልሳል፣ የካምቢዮውን ጥርሶች ይሸከማል፣ ፍሪሲዮኑም የሚዋኘው እዚያው ውስጥ ነው። የካምቢዮ ጥርሶች ዘይቱን ያኝኩታል። ዘይት ሲሞቅ እንዳይቀጥን የሚደረጉ ረጃጅም ሞለኪውሎች አሉ፤ እነሱን ቆራርጠው ያሳጥሯቸዋል። ለዚህ ነው የሞተር ሳይክል ዘይት ከመኪናው ቀድሞ የሚደክመው። እኔ ግን መኪናው በ5,000 ስለሚቀየርለት በ5,000 ነበር የምቀይረው። ጋሼ በዚህ አቧራና ዳገት ከ2,000 እንዳላልፍ ነገሩኝ።

ሁለተኛው ነገር ፍሪሲዮኑ ነው። ፍሪሲዮን የሚሠራው በመያያዝ ነው፤ ሸራዎቹ ካልተፋተጉ ጉልበት አያልፍም። አንዳንድ የዘመናዊ መኪና ዘይት ደግሞ ቤንዚን ይቆጥባል ተብሎ ፍትጊያ የሚቀንስ ነገር ይጨመርበታል። ለመኪናው ደግ ነገር ነው። ለኛ ፍሪሲዮን ግን ቅቤ መቀባት ነው። የኔው ፍሪሲዮን ደግሞ ቀድሞውንም አርጅቷል። ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጥ ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም ነበር። እኔ «ደጋው ነው፣ አየሩ ሳስቷል» እያልኩ እተረጉመው ነበር። ያ ጩኸት በሙሉ ቤንዚን ነው። ጉልበቱ ጎማው ጋ ሳይደርስ ፍሪሲዮኑ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ጋሼ የመሥሪያ ቤቱን ጣሳ አስመጡኝ። ላዩ ላይ 10ደብሊው-30 ይላል። ደብሊው ክረምት ማለት ነው፣ የፈረንጁ ክረምት። የመጀመሪያው ቁጥር ብርድ ላይ እንዴት እንደሚፈስ፣ ሁለተኛው በ100 ዲግሪ ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀረው ይናገራል። የኔዋን ሞተር የሚያቀዘቅዛት አየር ብቻ ነው። ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ፣ በዝግታ፣ ከጭነት ጋር ስትወጣ አየሩም የለም፤ ትግላለች። ለእሷ 20ደብሊው-50 ነበር የታዘዘላት።

ከዚያ የሞተር ሳይክል ዘይት ጣሳ አምጥተው አንድ ጽሑፍ አሳዩኝ። «ጃሶ ኤምኤ።»

ሳቅሁ። «ጋሼ፣ ጃሶ ግድግዳ የሚለሰንበት አይደል?»

«አንተ ስቅ። ይሄ የጃፓን ጃሶ ነው።»

እውነትም የጃፓን የተሽከርካሪ ደረጃ አውጪ ድርጅት ስም ምህጻር ነው። ኤምኤ የተባለው በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የሚስማማው ነው። ኤምቢ የሚባለው ፍትጊያው ያነሰ ነው፣ ፍሪሲዮናቸው ዘይት ውስጥ ለማይዋኝ ስኩተሮች። ይህን ሁለት ፊደል ከአራት ዓመት በፊት ባውቅ ኖሮ ያ ደብዳቤ አይጻፍልኝም ነበር።

ነገሩ ሲገባኝ ሳቅም ንዴትም መጣብኝ። መሥሪያ ቤቱ ለሞተሮቹ ለብቻ ዘይት ከመግዛት ብሎ ለመኪናው የገዛውን አከፋፈለ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ልጅ ሲሰጠኝ «ዘይት ዘይት ነው» ብሎኝ ነበር፣ እኔም ፈርሜ ተቀበልኩ። በዘይት የቆጠቡትን በቤንዚን ከፈሉ። ከዚያ ለእኔ ደብዳቤ ጻፉ።

ሌላ ሰው ጥቁር ዘይት አይቶ እንዳይደነግጥ ይህንንም ልጨምር። ዘይት መጥቆሩ ብቻውን በሽታ አይደለም። ጥላሸቱን አንጠልጥሎ መያዝ ሥራው ነው፤ እንደ ወርቅ ጠርቶ የሚቆይ ዘይት ምናልባት እየሠራ አይደለም። ሽታው፣ ቅጥነቱ፣ ልኩ ነው የሚናገረው።

ጋሼ መርፌዋን አጽድተው፣ የፍሪሲዮኑን ሸራዎች ቀይረው፣ ትክክለኛውን ዘይት ሞሉ። የኋላውን ጎማ አንስተው በእጃቸው አሽከረከሩት። ግማሽ ዙር ሄዶ ቆመ። «ፍሬንህ ሁልጊዜ ይዞሃል» አሉ፤ እሱንም አላሉት። ሰንሰለቱ ደርቆ ጠብቋል፤ ቀቡት፣ አላሉት። ማርሽ አውጥቼ በፎሌ ቁልቁለት እንደምወርድ ስነግራቸው ግን ተቆጡኝ። በካርቦራተር ሞተር የምታተርፈው ጭላጭ ነው፣ የምታጣው ደግሞ የሞተሩን ፍሬን ነው፣ የቀረህ በጭነት የጋለ የፍሬን ከበሮ ብቻ ነው አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ትቻለሁ።

ይርጋለም ደርሶ መልስ በ60፣ 37። የሀገረ ሰላሙ ዳገት 29። አማካዩ 33። ቁጥሩን ሳየው ደብተሩን ዘጋሁና ደግሜ ከፈትኩት።

የማብራሪያ ደብዳቤዬ ሁለት ገጽ ሆነ። ሠንጠረዥ አለው። ቀነ ገደቡ አልፎ በ11ኛው የሥራ ቀን ነው ያስገባሁት፤ እስኪለካ ማስፈቀዴን አያይዤ። ስለ ከፍታው ጻፍኩ፣ ስለ ጎማው ጻፍኩ፣ ስለ ዘይቱ በጥንቃቄ ጻፍኩ፣ ማንንም ሳልጠቅስ «ለሞተር ሳይክል የማይመከር ዓይነት» ብዬ። በ80 መንዳቴንም ጻፍኩ፤ እሱን ማጥፋት አሰኝቶኝ ነበር፣ ተውኩት። ስኒውን አልጠቀስኩም።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። ማብራሪያው ተቀባይነት አግኝቷል። መለኪያው ግን 35 ሆኖ ይቀጥላል፣ ምክንያቱም ለሁሉም ሞተሮች አንድ ነው፤ ቆላ ለሚሄደውም ደጋ ለሚወጣውም። የሞተር ሳይክል ዘይት ጥያቄዬ ደግሞ በዘንድሮው የግዢ ዕቅድ ውስጥ የለም። ስለዚህ ዘይቱን በራሴ ብር እገዛለሁ፣ የሁለቱን ኪሎ ሜትር ልዩነት ከኪሴ እሞላለሁ። ስሜ ግን ነጽቷል። ሻይ ቤት ያሉት ጓደኞቼ ብቻ ናቸው እስካሁን ያልነጻሁላቸው።

ደብዳቤውን ልፈርም ፋይናንስ ክፍል ስገባ ኃላፊዋ በሩን እንድዘጋው ምልክት ሰጡኝ። ደነገጥኩ። ሁለተኛውን ገጼን ከማህደሩ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘርግተውታል። መነጽራቸውን አወረዱ።

«ልጄ ሞተር ገዝቷል» አሉኝ ቀስ ብለው። «ቤንዚን ጨረሰኝ እያለ በየሳምንቱ ገንዘብ ይጠይቀኛል። እኔ ደግሞ የት ነው የምታመሸው እያልኩ ስጨቀጭቀው ከረምኩ። ይሄ የንፋሱ ነገር፣ የኋላው ስንት ነበር ያልከው?»

«እንደ ሞተሩ ነው እትዬ፣ ከሰንሰለቱ አጠገብ ተለጥፎ ይገኛል። ጠዋት ነው የሚለካው፣ ጎማው ሳይሞቅ።»

በእስክሪብቶ ጻፉት። ከዚያ ቀና አሉ።

«ዘይቱስ?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።